ውሃ ያቆመው ግንብ

ግንቡን የሠሩት ሁለቱም አጎቶቼ ናቸው። ያውም አብረው! አንዱ ሲሚንቶ ያቦካል፣ አንዱ ብሎኬት ይደረድራል፣ ሁለቱም እንደ ተቀየመ ሙሽራ አፋቸውን ቆልፈዋል። ግንቡ ጣሪያ ሲነካ አንዱ በዚህ በር፣ አንዱ በዚያ በር ውልቅ አለ። በቃ። እናቴ ሲመርራት "ወንድሞቼ ተባብረው የጨረሱት ሥራ ቢኖር ይሄ ግንብ ነው" ትላለች። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ስትለው ጥርሷ ይፋጫል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ ሲሞት አንድ ረጅም አዳራሽ ትቶ ነው የሄደው። በአንደኛው ጫፍ የጨርቅ መቅደጃ ማሽን አለ፤ ትልቅ በርሜል የሚያክል፣ ዙሪያውን እንደ ጃርት እሾህ በእሾህ የሆነ ነገር። ጨርቅ ስታጎርሰው ይቦጫጭቀውና በወዲያ በኩል ጥጥ አድርጎ ይተፋዋል። በሌላኛው ጫፍ ደግሞ መፍተያው አለ፤ ያንን ጥጥ አበጥሮ ክር የሚያደርገው። ጨርቅ በዚህ ይገባል፣ ክር ሆኖ በዚያ ይወጣል፣ አለቀ። ትልቁ አጎቴ መቅደጃውን ወረሰ፤ ሰፈሩ ሁሉ ቀዳጁ ነው የሚለው። ትንሹ አጎቴ መፍተያውን ወረሰ፤ እሱ ደግሞ ፈታዩ ነው። እናቴ ሴት ነች ተብላ ማሽን አልደረሳትም። የደረሳት ከአዳራሹ ጀርባ ያለችው የቆርቆሮ ሼድ ነች። እዚያ ከሴቶቿ ጋር ቁርጥራጭ ጨርቅ ትለያለች። ጨርቁን ሳብ አድርጋ ትለቀዋለች፤ ተሰብስቦ ከተመለሰ ላስቲክ አለበት፣ ወዲያ። ካልተመለሰ ጥጥ ነው፣ ወዲህ። እኔ ደግሞ ጆንያ በጋሪ አመላልሳለሁ። ጋሪ የሚገፋ ሰው በሰፈሩ ያለውን ስድብ ሁሉ ይሰማል፣ እመኑኝ።

አጎቶቼ የተጣሉት በውሃ ነው። አዎ፣ በውሃ። ቀዳጁ ጨርቅ ከማጉረሱ በፊት ውሃ፣ ጠብ ጠብ ያለ ዘይትም ጨምሮ ይረጭበታል፤ ጥጡ እንዳይበጣጠስ። አያቴም ይረጭ ነበር። ፈታዩ ደግሞ ጥጡን የሚረከበው በሚዛን ነው። አንድ ቀን እጁን ጆንያው ውስጥ ሰደደና እርጥበት አገኘ።

"ውሃ ነው እንዴ የምትሸጥልኝ?"

"ውሃና ጥጥ መለየት ካቃተህ ምን ላድርግህ?"

"ሌባ!"

ቃሏ ወጣች። ሌላው ስድብ ይረሳል፣ ይቺ ግን አልተረሳችም። ከዚያ አዳራሹን መሀል ለመሀል የከፈለው ግንብ መጣ። ከግንቡ በኋላ ቀዳጁ ጥጡን ለፍራሽ ሰፊዎች ይሸጣል፣ ፈታዩ ከሩቅ ቦታ ጥጥ እያስጫነ ይፈትላል። የሚፈልገው ጥጥ ከግንቡ ማዶ ተከምሮ! መንገድ ላይ ሲገናኙ እንደ ባዳ እንኳ አይተላለፉም፤ ባዳ ለባዳ ቢያንስ ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል። የግድ መነጋገር ሲኖርባቸው በእናቴ በኩል ነው፤ "ለሰውየው ንገሪው" ይላል አንዱ። ሰውየው እኮ እዚያው አፍንጫው ሥር ቆሟል።

የእናቴ ሼድ የሚኖረው ከላይ ካለው የልብስ ስፌት ፋብሪካ በሚመጣ ቁርጥራጭ ነው። አንድ ጠዋት የፋብሪካው ኢንጂነር መጣች። አጭር፣ ፈጣን፣ ጫማዋ ላይ ክር የተጠመጠመባት ሴትዮ ነች። ወንበር ሳትጠብቅ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች።

"እትዬ፣ የምነግርዎት ደስ አይልም" አለች። "ልብስ የሚገዙን ሰዎች ቁርጥራጩ የት እንደሚደርስ አሳዩን አሉ። ክር ሆኖ ተመልሶ እኛው ልብስ ውስጥ መግባት አለበት። አለዚያ አንገዛም ብለዋል።"

"እኔ መለየት ነው ሥራዬ፣ ልጄ። ክር አልፈትል።"

"አውቃለሁ። ግን ወይ እርስዎና ወንድሞችዎ ተባብራችሁ ክሩን ታመጣላችሁ፣ ወይ መጥረጊያው ሁሉንም ጠራርጎ ይወስዳል።"

መጥረጊያው የሚባለው አንድ ትልቅ ድርጅት ነው። የገባበት ቦታ አንድ ብጣሽ ስለማያስተርፍ ሰው ያወጣለት ስም ነው። የራሱ መለያ ማሽን አለው፣ የራሱ መፍተያ አለው። እጅ አይፈልግም። እሱ ከወሰደው እናቴ ሼዱን ዘግታ፣ ሴቶቿን ሸኝታ፣ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ ነው። እሷም ገባት። ሴቶቹም ገባቸው፤ ጨርቅ የሚስቡት እጆች ሁሉ ቀጥ አሉ።

በማግስቱ ሁለቱን ወንድሞቿን ሼዱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አንዱ በሩ ጋ፣ አንዱ መስኮቱ ጋ። መሀላቸው የጨርቅ ክምር።

ኢንጂነሯ ምስኪን፣ ነገር ማለዘብ ፈልጋ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል አይደል?" አለች።

ቀዳጁ ሳቀ። "ድር ሲያብር ነዋ! እዚህ ክፍል ውስጥ ድር ይታይሻል? ብጥስጣሽ ነው ያለው።"

"እህቴ፣ ለሰውየው ንገሪው" አለ ፈታዩ፣ "ከሱ ጋር ከምሠራ ማሽኔን ለብረታ ብረት ሸጬ ፌስታል ባዞር ይሻለኛል።"

"እህቴ፣ ለሰውየው ንገሪው፤ ፌስታልም ቢሆን ቀልጠፍ ያለ ሰው ነው የሚያዞረው።"

እናቴ ተነሳች። እናቴ ስትቆጣ አትጮህም፣ ድምፅዋ ይቀጥናል። "እኔ አባታችን ሲሞት ማሽን ስጡኝ አላልኩም። ቆርቆሮ ሰጣችሁኝ፣ ተቀበልኩ። አሁን ቆርቆሮዬ ሊሄድ ነው። ሐሙስ ሙከራ ነው። የሚቀድ ይቅደድ፣ የሚፈትል ይፍተል። መዋደድ ማንም አልጠየቃችሁም።"

ሁለቱም እሺ አሉ። ያኔ ነው መፍራት የነበረብን፤ እነሱ እሺ ሲሉ ነገር አለ ማለት ነው።

ሴቶቹ ነጭ ነጩን የካናቴራ ቁርጥራጭ ለቀሙ። ጥርት ያለ፣ ላስቲክ የሌለበት፣ አንድም ስፌት ያልቀረበት። በጋሪ ጭኜ ለቀዳጁ ወሰድኩለት። ያወርደዋል፣ ይረጫል፣ ይቀድደዋል ብዬ ስጠብቅ ማሽኑን በደረቁ አስነሳው።

"አጎቴ፣ ውሃውስ?"

"አፍህን ዝጋ! ዛሬ ጠብታ አይነካውም። ያ ሌባ ያለኝ ሰውዬ እጁን ጆንያው ውስጥ ይክተት። ይክተትና እፍረቱን ይጠጣ።"

"በደረቁ ግን..."

"አባትህ ነው እኔን መቅደድ ያስተማረኝ?"

አባቴ ጫማ ሰፊ ነበር። ማሽኑ እየጮኸ አቧራውን ለቀቀው፤ ቅንድቤ ነጭ እስኪሆን። ጆንያዎቹን ጭኜ በመንገዱ ዞሬ፣ በሚያቃጥል ፀሐይ፣ በፈታዩ በር ገባሁ። ግንቡ ባይኖር እኮ ጥቂት እርምጃ ነበር።

ፈታዩ ጆንያውን አየ እንጂ አልነካም። የጋለ ቆርቆሮ ግቢው ውስጥ አንጥፎ ነበር የጠበቀኝ። "እዚያ ላይ ዘርግፈው።"

"አጎቴ፣ ደረቅ ነው እኮ። እጅህን ክተተው።"

"የሱ ጥጥ ደረቅ? የሱ ጥጥ ቢጨመቅ ሰፈር ያጥባል። ዘርግፍ!"

"በናትህ አንዴ ብቻ ንካው..."

"አንተ ደግሞ መቼ ነው ጠበቃው የሆንከው?"

ዘረገፍኩት። ምን ላድርግ? በደረቁ የተቀደደው ጥጥ፣ ድጋሚ ቆርቆሮ ላይ እንደ በርበሬ ተሰጣ። አንዱ ሌባ አይደለሁም ለማለት ውሃ ነፈገው፣ አንዱ ሌባ ነው ብሎ ያልነበረውን ውሃ አደረቀ። እንዲህ ያለ ስህተት የትም ቢኬድ አይገኝም፤ ወንድማማች ብቻ ነው የሚያውቅበት።

ሐሙስ ኢንጂነሯ መጣች፣ እናቴ መጣች፣ ሴቶቹም በሩ ላይ ተኮለኮሉ። ቀዳጁ ደጅ ቆመ፤ የፈታዩን ደፍ አልረግጥም ብሎ ስለማለ አንገቱን ብቻ አስገባ። ማሽኑ ተነሳ። አቤት! ጥጡ ወደ ማበጠሪያው እንደመግባት ወደ ሰው በረረ። ፀጉር ላይ፣ ቀሚስ ላይ፣ የኢንጂነሯ መነጽር ላይ ሙጭጭ። የወጣችው ክር ደግሞ ስንዝር ሳትሄድ ጠብ። ይቀጥላታል፣ ጠብ። ይቀጥላታል፣ ጠብ።

"አቧራ ነው የሰጠኝ!" አለ ፈታዩ። "ይሄ ጥጥ ነው? ዱቄት ነው!"

"ለሰውየው ንገሪው" አለ ቀዳጁ ከበሩ፣ "መፍተል የማይችል ሰው ጥጥ ይወቅሳል።"

"ውሃ ሻጭ!"

"ዛሬ ጠብታ አለበት? አለበት ወይ? ተናገር!"

"የለበትም! እኔ ስላደረቅሁት ነዋ!"

ቀዳጁ ተንደርድሮ ሊገባ ሲል ደፉን አየና ቆመ። መሃላው ትዝ አለው መሰለኝ። ባይሆን ኖሮ ጥርስ ይለቀም ነበር።

ኢንጂነሯ መነጽሯን በሸሚዟ ጠረገች። "ቅዳሜ ጠዋት የመጥረጊያው መኪና ይመጣል" አለች እናቴን እያየች። "እትዬ፣ በጣም አዝናለሁ። እስከዚያ የሚያዝ ክር ካሳያችሁኝ መኪናውን እመልሳለሁ። ካልሆነ ግን በእጄ ያለው ነገር ይሄው ነው።" ሄደች።

እናቴ ከመሬት አንድ እፍኝ ጥጥ አነሳችና እፍ አለችበት። እንደ አመድ በነነ። "ማን ነው ውሃ የከለከለው?" ብላ ጠየቀች። ቀዳጁ አንገቱን ከበሩ አወጣ። "ማን ነው ያሰጣው?" ፈታዩ ማሽኑን መጥረግ ጀመረ። ወደኔ ዞረች፤ ነገርኳት። ሁሉንም፣ የበርበሬውን ነገር ሳይቀር። ከሴቶቹ አንዷ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች።

"ስሙኝ" አለች እናቴ፣ ድምፅዋ መርፌ ሆኖ። "ከነጩ ጨርቅ የቀረኝ አንድ ጋሪ ነው። ነገ አንተ ስትቀድ እሱ አጠገብህ ይቆማል። እሱ ሲፈትል አንተ አጠገቡ ትቆማለህ። ከፈለጋችሁ ጥጡ ካለቀ በኋላ ተገዳደሉ፣ ቀባሪ አታጡም።"

"እኔ እዚያ ቤት አልገባም!" አለ ቀዳጁ።

"እኔም ከሞትኩ በኋላ ነው!"

"እሺ አትግቡ" አለች። "አንተ ይሰርቃል፣ አንተም ያበላሻል እያላችሁ፣ በዓይናችሁ ሳታዩ እስክትሞቱ ተጠራጠሩ።"

ይቺ ቃል ነች የያዘቻቸው። ፍቅር ያላንቀሳቀሰውን ጥርጣሬ አንቀሳቀሰው። ፈታዩ "እገባለሁ! ሲሰርቅ በዓይኔ አየዋለሁ" አለ። ቀዳጁ ደግሞ "እገባለሁ! ሲያሰጣ እጅ ከፍንጅ እይዘዋለሁ" አለ።

ዓርብ ፈታዩ ግንቡ ከቆመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መቅደጃው ገባ። ሽማግሌ ዳኛ መስሎ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። እናቴ መሀል፣ እኔ ጨርቅ አቀባይ። ውሃ ማጠጫዋ፣ ያቺ አንገቷ ረጅም የቆርቆሮ ማጠጫ፣ ሞልታ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ቀዳጁ ሳያያት አልፎ ማሽኑን በደረቁ አስነሳው።

"ምን እያደረግህ ነው?" አለች እናቴ።

"ለሰውየው ንገሪው፤ ሌባ ነኝ። ሌባ ደግሞ ዳኛ ፊት ውሃ አይነካም።"

"ወንድሜ፣ በናታችን አጥንት..."

"አልነካም አልኩ!"

እሾሁ ጨርቁን ይቦጫጭቃል፣ አቧራው ይነሳል፣ ጥጡ እየተቆራረጠ ይወድቃል። ፈታዩ አስሎ አስሎ፣ ጎንበስ ብሎ አንድ ጣት ጥጥ አነሳ። በሁለት ጣቱ ሳብ አደረጋት። ጠብ። ሌላ አነሳ፣ ጠብ። ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ። ወደ ጋሪው አየ፤ ጨርቁ ወደ ግማሽ እየተጠጋ ነው። ወደ እናቴ አየ። እናቴ ጨርቁን አይደለም የምታየው፤ በመስኮቱ በኩል የሼዷን ቆርቆሮ ነው። ፈታዩ አንዴ ወደ ማጠጫዋ ተራመደ፣ ተመለሰ። ማሽኑ ደግሞ ይበላል፣ ይበላል፣ አይጠግብም።

"ውሃ ጨምር!"

ማን ተናገረ? እኔ ራሴ አላመንኩም። ቀዳጁ ማሽኑን አጠፋው።

"አልሰማሁም" አለ ቀዳጁ። ለእናቴ አይደለም፤ ቀጥታ ለወንድሙ።

"ሰምተሃል!"

"ማን ነው ውሃ የፈለገው? ድገመው፣ ሼድ ያሉት ሴቶችም ይስሙ።"

"ውሃ ጨምር አልኩህ፣ አንተ ደንቆሮ! ሊያልቅ ነው እኮ! የሷ ቤት እኮ ነው እየተበጣጠሰ ያለው!"

ቀዳጁ ማጠጫዋን አነሳ። ይረጫል ብዬ ሳስብ ሄዶ ወንድሙ ደረት ላይ ለጠፋት። ውሃው ፈሶ ሸሚዙን አበሰበሰው። "አንተው ጨምር። በገዛ እጅህ። ነገ ደግሞ ሌባ በለኝ።"

ወሰዳት። መርጨት ጀመረ፤ ሲያበዛው ቀዳጁ "ልታሰምጠው ነው?" ይለዋል፣ ሲያሳንሰው "ምን ትቆጥባለህ፣ ያንተ ውሃ ነው?" ይለዋል። በመጨረሻ ቀዳጁ አንድ ጭብጥ ጨርቅ አንስቶ ጨመቀ፤ አልተንጠባጠበም፣ መዳፉ ላይ ግን ጤዛ ቀረ። "እንዲህ ነው። አባትህ ሲሠራ የት ነበርክ?" ፈታዩ የወንድሙን መዳፍ አየ። አንድም ቃል አልመለሰም፤ ከሱ አፍ ይሄ እንደ ይቅርታ የሚቆጠር ቢሆንም ቀዳጁ አልቆጠረለትም።

ማሽኑ ተነሳ። አቧራው ጠፋ። ጥጡ ረዘም ረዘም እያለ፣ ክብድ ብሎ ወደቀ። የደረቀውን ግማሽ ለፍራሽ ጣልነው፣ ደህናውን ጭኜ ጆንያውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኜ በመንገዱ ዞርኩ። ሁለቱ አጎቶቼ ከኋላዬ፣ አንዱ በቀኝ ጠርዝ፣ አንዱ በግራ ጠርዝ። ሰፈሩ ቆሞ አየን።

የፈታዩ ግቢ ስንደርስ ፈታዩ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ እግሩ በልማድ ወደዚያ ቆርቆሮ ሄደ። ጆንያውን ሊዘረግፍ! ቀዳጁ ቀድሞ ቆርቆሮው ላይ ቁጭ አለ። ግሏል እኮ፤ ሱሪው ሲጨስ የታየኝ መሰለኝ። ግን ንቅንቅ አላለም።

"እኔን አስጣኝ" አለው። "ጥጡን ግን አትነካውም።"

"ተነስ፣ ትቃጠላለህ!"

"ልቃጠል! አስገባው መጀመሪያ!"

አስገባው። ክሩ ወጣ። ስንዝር ሄደ፣ ክንድ ሄደ፣ ተጠቀለለ፣ ተጠቀለለ። አንዴ ተበጠሰና ሁለቱም በአንድ ጊዜ እኔ ላይ ጮኹ፤ እኔ ምኑን ነካሁ?

ቅዳሜ ጠዋት የመጥረጊያው መኪና ሼዱ በር ላይ ቆሞ ሞተሩን እያንጓጓ ነበር። ሹፌሩ ለእናቴ "እማማ፣ ጨርቁን ወዲህ አውጡልኝ እንጂ፣ ቀኑ መሸብኝ" ይላታል፣ ገና ጠዋት። ኢንጂነሯ የክር ጥቅሉን ተቀበለች፣ ጫፉን ጣቷ ላይ ጠመጠመች፣ ሳበች። አጥብቃ ሳበች። ጣቷ ቀላ፣ ክሩ አልተበጠሰም። ከኪሷ የፋብሪካዋን ክር አውጥታ ጎን ለጎን ያዘችው። "ትንሽ ይሻክራል" አለች። "ከአዲስ ጥጥ ጋር እንቀላቅለዋለን። ይሠራል።"

ወደ ሹፌሩ ሄደች። ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ እሱ ያላትን ግን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ባዶውን ዞሮ፣ አቧራ አልብሶን ሄደ። እናቴ በሼዷ በር ላይ ቁጭ አለች፤ ሴቶቹ ከኋላዋ ጨርቅ መሳብ ጀመሩ።

"ግን አንድ ነገር" አለች ኢንጂነሯ። "ጥጡ በመንገድ ፀሐይ ላይ መዞር የለበትም፣ ይደርቃል። ግንቡ ላይ በር ቢወጣ..."

"በር?" አለ ቀዳጁ።

"በር?!" አለ ፈታዩ።

በቀዳዳ ተስማሙ። ልኩን ለመወሰን የተሰዳደቡት ስድብ ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። በመጨረሻ እናቴ በገመድ ለካች፤ ጆንያ ያሳልፋል፣ የሰው ትከሻ አያሳልፍም። ብሎኬቶቹን እያንዳንዳቸው በየበኩላቸው ፈነቀሉ። እርቅ ብሎ ነገር የለም። ጠዋት ጠዋት ከቀዳዳው የሚወጣው "ዛሬ አሰመጥከው!"፣ "አፍህን ድፈንበት!" ነው። ጥጡ ግን ያልፋል። ነጩ፣ ሰማያዊው፣ ግራጫው። ፋብሪካውም ይጭናል፣ ያመጣል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጆንያ ከመጠን በላይ ተጠቅጥቆ ቀዳዳው ውስጥ ተሰነቀረ። ቀዳጁ ከወዲህ ይገፋል፣ ፈታዩ ከወዲያ ይስባል፣ ሁለቱም ላብ በላብ ሆነው እናት አባታቸውን ሳይለዩ ይሳደባሉ፤ እናት አባታቸው እኮ አንድ ናቸው። እናቴ ጩኸቱን ሰምታ ከሼዱ መጣች። አየች፣ አየችና መዶሻ አነሳች።

"ሌላ አንድ ብሎኬት ልፈንቅልላችሁ?"

"እንዳትነኪ!" አሉ፣ ከግንቡ ወዲህና ወዲያ፣ በአንድ ድምፅ።